የተደበቀ ፍቅርና የተዘጋ በር

የምክር ዓምድ

ጥያቄ፦

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ካቶሊክ ነኝ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት እሠራለሁ፤ የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የማውቀው ጓደኛ አለኝ። ደሴ መምህር ነው፤ ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ኦርቶዶክስ ነው፤ የሃይማኖቱን ነገር ግን እስካሁን አላነሣነውም። የምንገናኘው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ወደ ደሴ ስወጣ ነው። ሰው እንዳያየን ብለን ካፌ አንቀመጥም፤ የምንውለው እርሱ ቤት ነው። ስንጀምር እስከ ተክሊል ራሳችንን ልንጠብቅ ተስማምተን ነበር። ክረምት ላይ ግን አንድ ቀን ጉሙ ከብዶ መኪና ጠፋና እዚያው አደርኩ። ከዚያ ወዲህ ቃላችንን መጠበቅ አቅቶናል። ቅዳሴ ላይ መጨረሻው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ቁርባን ከተቀበልኩ ወራት አልፈዋል። እርሱ ክፉ ሰው አይደለም። ‹እንጋባ የለም ወይ? ሠርጉ እስኪደርስ ሁለት ዓመት እንዴት እንችላለን?› ይለኛል። ሠርጉን ያቆየነው ለድግሱ የሚሆን ገንዘብ እስክናጠራቅም ነው። ለመሆኑ ለእጮኛሞች እስከ ምን ድረስ ይፈቀዳል? ሳላስቀይመው እንዴት ልንገረው? አክስቴስ ብትሰማ ምን ትለኛለች? ስሜን ያቆዩልኝ። ከኮምቦልቻ።»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ማስመሰል የለበትም፤ እኔም ሳልሸፋፍን እመልስልሻለሁ። ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል። እኔ ግን የምጀምረው ሳትጠይቂኝ ካለፍሽው፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ከመቀመጥሽ ነው።

በዚህ ሳምንት ንስሐ ግቢ። ቤተ ክርስቲያናችን ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ሩካቤ ከባድ ኃጢአት መሆኑን ታስተምራለች፤ ከባድ ኃጢአት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሳይናዘዝ ወደ ቁርባን አይቀርብም። ስለዚህ ከቁርባን መቆጠብሽ ትክክል ነበር። የሚያሳዝነኝ ያለ ንስሐ ወራት ማለፋቸው ነው። ምክንያቱን የማውቀው ይመስለኛል፤ ብዙ ልጆች እንዲህ ሆነው አይቻለሁ። ባህላችን ስለ ክብረ ንጽሕና ሲያስተምረን በሠርግ ሌሊት የሚመረመር አንድ ዕቃ አስመስሎ አስተማረን። ያ ዕቃ አንዴ ከጠፋ የሚጠበቅ ነገር ያለ አይመስለንም። «ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?» የሚለው ሐሳብ ከመጀመሪያው ውድቀት ይልቅ ብዙ ሰው ጥሏል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2342 የሚለው ሌላ ነው፤ ራስን መግዛት ረጅም ሥራ ነው፣ አንዴ ተገኝቶ የሚያልቅ አይደለም፣ በየዕድሜው እንደገና ጥረት ይጠይቃል ይላል። ያላገቡ ብቻ ሳይሆኑ ያገቡም ይህ ሥራ አለባቸው። አንቺ እንደገና ትጀምሪያለሽ እንጂ ሁሉ ነገር አልጠፋብሽም።

ካህኑ ድምፅሽን ስለሚያውቁት አፍረሽ ከሆነ ይገባኛል። በእኛ ከተሞች ካቶሊኮች ጥቂት ነን፤ ሁላችንም እንተዋወቃለን፤ ያጠመቁንና ቆርበን ያዩን አባት ፊት ይህን መናገር ከባድ ነው። ሌላ ካህን ዘንድ ሄደሽ መናዘዝ ትችያለሽ፤ ማንም አይከለክልሽም። የትኛውም ካህን የሰማውን ኑዛዜ ቢያወጣ ቤተ ክርስቲያን ከባድ በሆነው ውግዘት ትቀጣዋለች። ስትናዘዢ ታሪኩን ማርዘም አያስፈልግሽም። የሆነውን፣ በግምት ስንት ጊዜ እንደሆነና ልትተዪው መቁረጥሽን በአጭሩ ተናገሪ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ መንፈሳዊ መካሪ ይህን ይዘለዋል፤ እኔ ግን አልዘለውም። ጤና ጣቢያ ሄደሽ የእርግዝናና የደም ምርመራ አድርጊ፤ እርሱም የደም ምርመራ ያድርግ። አርግዘሽ ከተገኘሽም ሕፃኑ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። በእርሱ ምክንያት ግን ማንም ወደ ተክሊል አያጣድፋችሁ። በግዳጅ ወይም በከባድ ፍርሃት የተሰጠ የጋብቻ ፈቃድ በቤተ ክርስቲያን ሕግ አይጸናም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄሽ እንምጣ። «እስከ ምን ድረስ ይፈቀዳል?» ለጋብቻ ዝግጅት ትምህርት የሚመጡ ወጣቶች ሁሉ ይህን ይጠይቁኛል፤ አብዛኞቹ ሌላው ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ቀርተው በሹክሹክታ ነው የሚጠይቁት። የሚጠብቁት ዝርዝር ነው፤ ይኼ ይቻላል፣ ያኛው አይቻልም የሚል። ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2350 ስለ እጮኛሞች ሲናገር እንዲህ ያለ ዝርዝር አላስቀመጠም። ይህን ጊዜ የመከባበርና የመተማመን መለማመጃ ያደርገዋል፤ የባልና የሚስት የሆነውን የፍቅር መግለጫም ለጋብቻ እንዲያቆዩት ይነግራቸዋል። ከዚህ ተነሥቼ እኔ ለልጆቹ የምሰጣቸው መለኪያ አለ። ሰውነታችሁ ወደ ሩካቤ መዘጋጀት ከጀመረ አልፋችኋል። ሰውነት አይዋሽም፤ ሁለታችሁም ያን ደቂቃ ታውቁታላችሁ። እጅ ለእጅ ተያይዞ መሄድ፣ ስትገናኙና ስትለያዩ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም፣ በደሴ ብርድ ትከሻው ላይ ደገፍ ማለት እዚያ ደቂቃ ላይ አያደርስም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ረጅም መሳሳም ግን ያደርሳል። ካደረሰ በኋላ «እናቁም» ማለት ለሰው ልጅ ከሚከብዱ ነገሮች አንዱ ነው፤ ስለዚህ ማቆሚያው ከዚያ በፊት መሆን አለበት።

የወንደላጤ ኪራይ ቤት ምን እንደሚመስል እናውቃለን። አንድ አልጋ አለ፣ አንድ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ያልታረመ የተማሪዎች ደብተር ተቆልሏል። እንግዳ የሚቀመጠው አልጋው ጫፍ ላይ ነው። ሻዩ እዚያ ይጠጣል፣ ፊልሙ እዚያ ይታያል፣ ብርዱ ሲበረታ ብርድ ልብሱ ይሳባል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ሁለት የሚዋደዱ ጤነኛ ወጣቶች ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው ምንም ባይሆኑ ነበር የሚገርመኝ። ይህን የምልሽ ጥፋቱን ላቀልልሽ አይደለም። ጥፋቱ ከየት እንደሚጀምር እንድታዪው ነው። አንቺ «ቃላችንን መጠበቅ አቅቶናል» ብለሽ ጉድለቱን በፈቃደኝነታችሁ ላይ ጥለሻል። እኔ ግን ቃላችሁ ደካማ አልነበረም እላለሁ። ቦታ ያልተዘጋጀለት ቃል ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያልኩት «ሰው እንዳያየን ብለን ካፌ አንቀመጥም» የሚለው ላይ ነው። መልካም ስማችሁን ለመጠበቅ ከሰው ዓይን ሸሻችሁ፤ የሸሻችሁበት ቦታ ደግሞ ንጽሕናችሁን ለመጠበቅ ከሁሉ የሚከብደው ቦታ ሆነ። ይህ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ በከተሞቻችን ስንቱ ወጣት በዚህ መንገድ ተሰናክሏል! ደሴ ፒያሳ ላይ ከወንድ ጋር ማኪያቶ የጠጣች ልጅ ወሬዋ ከእርሷ ቀድሞ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ይህን አልክድም፤ ያማል። ግን የግቢውን በር የሚከፍቱልሽ አከራይ አሉ አይደል? ዘወትር እሑድ ረፋዱ ላይ ገብተሽ ሲመሻሽ ስትወጪ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ዐውቀዋል። ጎረቤቱም ዐውቋል። አልተደበቃችሁም። የተደበቃችሁት ከሚወዷችሁና ሊጠብቋችሁ ከሚችሉት ሰዎች ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሦስተኛው ጥያቄሽ መልሴ፦ አክስትሽ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከአንቺ ትስማ። በክፍሉ ውስጥ የሆነውን አይደለም፤ እርሱ የአንቺና የንስሐ አባትሽ ነው። አንድ ሰው እንዳለ፣ ስሙን፣ ሥራውን፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ለጋብቻ እንደምትተያዩ ንገሪያት። ትቆጣ ይሆናል፤ በተለይ አንድ ዓመት ሙሉ ሳታውቅ መቆየቷ ያስከፋታል። ተቆጥታ ስታበቃ ግን የምትጠይቅሽ አንድ ነገር ይሆናል፤ «መቼ ነው የማየው?» ያኔ እሑድ ለቡና ይምጣ በያት።

ይህ ቡና ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። ወሎ ውስጥ ቡና ሲፈላ ጎረቤቱ ይጠራል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ተቀምጦ ከአቦል እስከ በረካ ይጫወታል። ያ ልጅ እነዚያ ሴቶች መካከል ሲቀመጥ በአንድ ዓመት ያላየሽውን በአንድ ከሰዓት ታዪዋለሽ። ለትልቅ ሰው ይነሣል? የሰውን ወሬ ያዳምጣል ወይስ ስልኩን ይነካካል? የሃይማኖትሽ ነገር ሲነሣ ፊቱ ምን ይሆናል? ስኒ ስታነሺ አብሮሽ ያነሣል? የእጮኝነት ጊዜ የተሰጠው ለዚህ ነበር፤ አይቶ ለመወሰን። ሰውነት ቀድሞ ሲጣመር ዓይን ይታወራል። ብዙ ሴቶች የባላቸውን ጠባይ ከሠርግ በኋላ እንደ አዲስ የሚያውቁት ለዚህ ነው፤ በእጮኝነት ዘመናቸው ከመተቃቀፍ በቀር ሌላ ነገር አብረው አልሠሩም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ወደ ኮምቦልቻ ይውረድ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንቺ የቀረበ ለእርሱም ይቀርባል። አንቺ ወደ ደሴ ስትወጪም የምትውሉበት ቦታ ከቤት ሳትወጪ የታወቀ ይሁን። ፒያሳ ካፌ ተቀመጡ፤ ሰው ይያችሁ። ሰኞ ገበያ አብራችሁ ውረዱና ዕቃ ተገበያዩ፤ አንድ ወንድ ገንዘብ አያያዙም ትዕግሥቱም ገበያ ላይ ይታያል። ደሴ ሙዚየምን እዩ። ከጓደኞቻችሁ ጋር ሆናችሁ ወደ ሐይቅ ውጡ፤ ሐይቁ ዳር መቀመጥ ወጪው የሚኒባስ ብቻ ነው። የታመመ ዘመድ ካለው አብራችሁ ጠይቁ። ወደ ኪራይ ቤቱ ግን አትግቢ፤ «ለአምስት ደቂቃ ጃኬት ልያዝ» ሲልሽም ውጭ ጠብቂው። ጥብቅ አደረግሽው ትይኝ ይሆናል፤ አዎ፣ አሁን ባላችሁበት ሁኔታ ጥብቅ መሆን አለበት። አንዴ የተለመደ ነገር በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው አልጋ ጫፍ ላይ፣ በወሬ ብቻ አይተውም።

ሰዓቱንም ወስኚ። ከ11 ሰዓት በፊት ሚኒባስ ውስጥ ሁኚ። ክረምት ሲሆን ደግሞ ከዚያም ቀደም በይ፤ ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲወርድ መንገዱ እንዴት እንደሚሆን አንቺው ታውቂዋለሽ። «መኪና ጠፋ» በሚል ምክንያት ማደር ሁለተኛ እንዳይደርስ ሌላ መጠባበቂያም ያዢ፤ ደሴ ያለች ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ፣ መኪና ብታጪ ማደሪያሽ እርሷ ዘንድ እንደሆነ አስቀድማ ትወቅ። የሌሊት ስልክም አለ። ከአራት ሰዓት በኋላ መኝታ ላይ ሆኖ የሚጻፍ የቴሌግራም መልእክት ቀን የማይባለውን ያስብላል። ማታ ጸልያችሁ፣ ደኅና እደር ተባብላችሁ ስልኩን አስቀምጡት።

አሁን ደግሞ በአንድ መስመር ወዳለፍሽው ነገር ልምጣ። «ኦርቶዶክስ ነው፤ አላነሣነውም።» እህቴ፣ በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ይህ ጉዳይ መልስ ሳያገኝ ሠርጋችሁ መቼ እንደሚሆን ቀርቶ መኖሩም አይታወቅም። በወሎ ሃይማኖት ተሻግሮ መዋደድ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቱ ሙስሊም አባቱ ክርስቲያን የሆነ ጎረቤት ብዙ ነው፤ ይህ አብሮነት እጅግ የምወደው የአገራችን ጸጋ ነው። ይሁንና መዋደድ ሌላ፣ በመሠዊያ ፊት መቆም ሌላ ነው። የእርሱ ጥምቀት በእኛ ዘንድ የታወቀ ጥምቀት ነው፤ ምሥጢራቱንም እናከብራለን። ሆኖም ካቶሊክ ካልሆነ የተጠመቀ ክርስቲያን ጋር ለመጋባት የቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ያስፈልጋል። እኛን የመሰሉ የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊኮች የሚመሩበትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው ቀኖና፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ይህን በቁጥር 813ና 814 ደንግጎታል። አንቺ ከእምነትሽ እንዳትወጪ ትጠነቀቂያለሽ፤ ልጆችሽም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የምትችይውን ሁሉ ልታደርጊ ከልብሽ ቃል ትገቢያለሽ። እርሱ ይህን ቃል መግባት አይጠበቅበትም፤ አንቺ መግባትሽን ግን ማወቅ አለበት። ጉዳዩ በቁምስናሽ (በአጥቢያሽ) ካህን በኩል ወደ ሀገረ ስብከቱ ይቀርባል። የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ራሱን የቻለ ነው፤ መንበሩ ባሕር ዳር ስለሆነ የወረቀቱ ምላሽ ጊዜ ይወስዳል።

የከበደው ግን በእርሱ ወገን ያለው ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተክሊልንም ቁርባንንም የምትሰጠው ለራሷ ምእመናን ነው። ስለዚህ እናቱ ወይም የንስሐ አባቱ አንቺ ወደ እነርሱ እንድትመጪ መጠየቃቸው አይቀርም። ያ ጥያቄ የሚመጣው አዳራሽ ተይዞ፣ የጥሪ ካርድ ታትሞ፣ ሽማግሌ ከተላከ በኋላ ከሆነ ነፃ ሆነሽ መመለስ አትችይም። ስለ እምነት የሚሰጥ መልስ ከኅሊና ብቻ መውጣት አለበት፤ ሠርግ ከሚበላሽ ተብሎ የሚሰጥ መልስ ለሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት አይመጥንም። «አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ እናድርገዋለን» የሚል መካሪም ይመጣል፤ ሁለት ጊዜ ቃል ኪዳን መግባትን ቀኖናው ይከለክላል። ማዘጋጃ ቤት ብቻ መፈራረምም በመንግሥት ሕግ ጋብቻ ቢሆን ለካቶሊክ ግን በቂ አይደለም። ስለዚህ ይህን አሁን አንሡት። የት እንጋባለን? ልጅ ብንወልድ የት ይጠመቃል? እሑድ ማን የት ያስቀድሳል? ዐቢይ ጾምን እንዴት እንይዛለን? እነዚህን ሳትጠያየቁ አንድ ዓመት አብራችሁ መዋል ከቻላችሁ፣ አብራችሁ የዋላችሁበት ጊዜ በምን እንደሄደ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ሁለት ዓመት የመቆየቱንም ነገር በዝምታ አላልፈውም፤ በግልጽ እቃወመዋለሁ። ለድንኳን፣ ለበሬ፣ ለቪዲዮ ቀራጭና ለሊሞዚን ኪራይ ተብሎ ሁለት የተፈላለጉ ሰዎችን ሁለት ዓመት እሳት ላይ ማስቀመጥ ምን የሚሉት ክብር ነው? ሐዋርያው ጳውሎስ «በምኞት ከመቃጠል መጋባት ይሻላል» ሲል የጻፈው ለእንደ እናንተ ዓይነቱ ነው። ድግሱ እስኪሞላ ያለውን ጊዜ በኃጢአት የሚሞላ ሠርግ አያስፈልጋችሁም። ቤተ ክርስቲያን ለተክሊል የምትጠይቀው የሁለታችሁን ነፃ ፈቃድ፣ የካህኑን ቡራኬና ሁለት ምስክሮችን ነው። ከእነዚህ አንዱም በገንዘብ አይገዛም። ዘመዶቻችሁ ቤት እንጀራና ወጥ፣ ጠላና ለስላሳ፣ ለቅርብ ሰው ብቻ የሚሆን ማዕድ ሠርግን ሠርግ ያደርገዋል። «ዘመድ ይቀየማል» ትይኛለሽ፤ ይቀየማል፤ ከሦስት ወር በኋላ ይረሳዋል። በድግስ ዕዳ የጀመረ ትዳር ግን ዕዳውን አይረሳም። ሃምሳ ሰው የሚበላበትን ሠርግ ዘንድሮ ለማድረግ ቁጭ ብላችሁ ሒሳቡን ሥሩት፤ የመምህርና የፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ የሚችለውን ያህል አድርጉት። ዐቢይ ጾም ላይ እንዳይውል ቀኑን ከካህኑ ጋር ምረጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ መታገሥ የሚቻል ይሆናል፤ ማለቂያው የማይታወቅ ትዕግሥት ነው ሰውን የሚሰብረው።

በዚህ መሐል ቀለበት ብታደርጉ መልካም ነው፤ ግን ቀለበት ማንንም አያስገድድም። የእጮኝነት ቃል ተሰጥቷል ተብሎ ጋብቻ ይፈጸም የሚል ክስ በቀኖናችን አይቀበሉትም። በክፍሉ ውስጥ የሆነውም አያስገድድሽም። «አንዴ ሰጥቼዋለሁ፣ ሌላ ማን ያገባኛል?» ብለሽ የማትፈልጊውን ሰው እንዳታገቢ።

እንግዲህ ሳላስቀይመው እንዴት ልንገረው ላልሽው። መጀመሪያ ይህን አስተሳሰብ ከራስሽ አውጪው፤ ወንድ ይሞክራል፣ ሴት ትከላከላለች የሚለውን። ለወንዱ ራስን መግዛት እንደማይቻለው አድርገን ስንነግረው ሰድበነዋል፤ ሴቷን ደግሞ በገዛ ፍቅሯ ላይ ዘበኛ አድርገናታል። የሚጠብቁት ሁለት ናቸው። ሰውነት የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው የሚለው የጳውሎስ ቃል ለእርሱም የተጻፈ ነው። የእርሱም ቤተ ክርስቲያን ከጋብቻ በፊት ስላለው ንጽሕና በብርቱ ታስተምራለች፤ እርሱም የንስሐ አባት አለው። ስለዚህ የአንቺን ሕግ ልትጭኚበት እየሄድሽ አይደለም። ሁለታችሁም ያመናችሁበትን፣ ስትጀምሩም የተስማማችሁበትን ልታስታውሺው ነው።

ክፍሉ ውስጥ አትንገሪው። ቀን፣ ውጭ፣ እየተራመዳችሁ ይሁን፤ ጎን ለጎን ሲሄዱ ከባድ ነገር ይቀላል። በስልክ ጽሑፍም አይሁን። ቃል ከጠፋሽ እንዲህ በይው፦ «እወድሃለሁ፤ ላገባህም እፈልጋለሁ። በዚህ መንገድ ግን መቀጠል አልችልም። ቁርባኔን አጥቻለሁ፤ አንተንም ከንስሐህ አርቄሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ቤትህ አልገባም። አክስቴ ታውቅሃለች፤ እሑድ ለቡና ትጠብቅሃለች። ሠርጉንም እናሳንሰውና ቀን እንቁረጥለት።» ይኸው ነው። ይቅርታ አትጠይቂ፤ ደጋግመሽም አታስረጂ።

ከዚያ በኋላ የሚያደርገውን እዪ። ሊደነግጥ ይችላል፤ የመጀመሪያ ቀን ሊኮርፍም ይችላል፤ ያ ሰው መሆን ነው። «ካልወደድሽኝ ነው» ቢልሽም ከድንጋጤ የወጣ ሊሆን ይችላልና ጥቂት ጊዜ ስጪው። በሳምንቱ መጥቶ አክስትሽ ቤት ቡና ከጠጣ፣ «አንቺ ባትይኝ እኔም እየከበደኝ ነበር» ካለሽ ባል የሚሆን ሰው ነው። ብዙ ወንዶች እንዲህ ይላሉ፤ የሚናገርላቸው ሰው አጥተው ነው የቆዩት። ግን በየእሑዱ እየለመነ ወደ ክፍሉ ሊመልስሽ ከሞከረ፣ በሌላ ሴት ካስፈራራሽ፣ የሆነውን ለሰው እነግራለሁ ካለሽ፣ ያን ቀን መልሱን አግኝተሻል። ሰው አይሆንም ሲባል የሚያሳየው ጠባይ በትዳር ውስጥ ሃምሳ ዓመት የምትኖሪበት ጠባይ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ተዪው፤ ለአክስትሽም ለካህንሽም ነግረሽ ተዪው።

እሺ ካለሽ ደግሞ ቀጠሮ ይዛችሁ ሁለታችሁም የቁምስናሽን ካህን አነጋግሩ። የጥምቀት ምስክር ወረቀትሽን ካጠመቀሽ ቤተ ክርስቲያን አስወጪ፤ እርሱም የእርሱን ከተጠመቀበት ደብር ያውጣ፤ የልጅነት ደብሩ ገጠር ከሆነ ይህ ራሱ የአንድ ሳምንት መንገድ ሊጠይቅ ስለሚችል የትምህርት ቤት ዕረፍት ሳያልፍበት ይሂድ። ስለ ተለያየ እምነታችሁ የሚጠየቀውን ፈቃድ፣ የጋብቻ ዝግጅት ትምህርቱን ማን እንደሚሰጣችሁና ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ እዚያው ጠይቁ። ሳትጨርሱ የሠርጉን ቀን ለዘመድ አትንገሩ።